ስለ ሸርጣን ደም ያወራንበት ቀን

ሲይዙኝ የላብራቶሪ ጓንቴን እንኳ አላወለቅሁም ነበር። ከወንዝ ያመጣኋቸው ሸርጣኖች ሳፋ ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆመው «መምህርት፣ ለአጭር ጥያቄ ነው» አሉኝ። ነገሩ ገብቶኛል። በስብሰባ ላይ ተነስቼ የታሰሩ ባልደረቦቻችን የት እንዳሉ ጠይቄ ነበር። ከዚያ በኋላ ያንኑ ጥያቄ የያዘ ወረቀት ከተማው ውስጥ ተበተነ። ወረቀቱን እኔ አልጻፍሁትም። ማን እንደጻፈው ዛሬም አላውቅም።

እዚያው ሆሳዕና ከተማ ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የዕቃ መጋዘን ነበር። እርጥብ ጆንያ ይሸታል። ከእኔ ጋር ሰባት ሴቶች ሆንን። አንዲት ትንሽ መስኮት ከላይ አለች፤ ግማሿ በቆርቆሮ ተደፍኗል። ከስሯ ባዶ የለስላሳ ሳጥን ነበር፤ በየተራ እየወጣንበት አየር እንወስዳለን። ከጃጁራ የመጡ አስም ያለባቸው እናት አብረውን ነበሩ፤ ልጃቸው ከፖሊስ ስለተሰወረ በእሱ ፈንታ ነው የታሰሩት። እሳቸውን ሲያፍናቸው ተራ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሁላችንም እንለቅላቸዋለን።

አጠገቤ የምትተኛው የሞርሲቶ ከተማ ልጅ ናት፤ ሆሳዕና ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ወረቀቱ የተባዛው በእሷ ማሽን ነው ብለው ነው ያሰሯት። ጡት የሚጠባ ልጅ ቤት ጥላ ነው የመጣችው። የወተቱ ሰዓት ሲደርስ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

አንድ ቀን፣ ሙቀቱ በበረታበት ሰዓት፣ እናትየዋ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ አንቺ ሥራሽ ምንድን ነበር?»

«ባዮሎጂ አስተምራለሁ እማማ። የሸርጣን ደም ነው የማጠናው።»

«ሸርጣን ደግሞ ደም አለው?»

«አለው። ሰማያዊ ነው።»

ሴቶቹ ሳቁ። እዚያ ክፍል ውስጥ ሳቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ስለነበር ወሬውን ማቆም አልፈለግሁም። ከዳቦዬ ስድስት ቁራሽ ቆርሼ የምሳ ዕቃ ክዳን ላይ አጋጥሜ ደረደርሁ። «የእኛ ደም አየር የሚሸከመው በብረት ነው፤ የሸርጣኑ በመዳብ። የሚሸከመው ፕሮቲን እንዲህ ስድስት ስድስት ሆኖ ይያያዛል። አንዱ አየር ሲይዝ ለሌሎቹም መያዙ ይቀላቸዋል።»

«እኛ ሰባት ነን። አንዷ ተረፈች» አለች የኮፒ ቤቷ ልጅ። እንደገና ሳቅን።

«የሚለያያቸውስ የለም?» አሉ እናትየዋ።

«አለ። አጥብቆ የሚይዛቸው ካልሲየም ነው፤ እሱን ካወጡባቸው ይበታተናሉ።»

«ሲበታተኑ ምን ይሆናሉ?»

«እያንዳንዱ ለብቻው አየር መያዙን አይተውም። መረዳዳቱ ነው የሚቀረው።»

የኮፒ ቤቷ ልጅ ቁራሾቹን አየቻቸው። «ካልሲየሙን ብትመልሺላቸውስ?»

«ብዙዎቹ ይያያዛሉ። አንዳንዶቹ ግን እንቢ ይላሉ። ለምን እንደሆነ ነበር የማጠናው።»

እናትየዋ ዳቦውን አንስተው አከፋፈሉን።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው ስድስቱን ሴቶች አንድ በአንድ አስጠራ። ወረቀቱ የመምህርቷ ነው ብላ የፈረመች ዛሬውኑ ቤቷ ትገባለች አላቸው። የኮፒ ቤቷ ልጅ ስትመለስ ነጠላ ጫማዋን በሩ ላይ እየፈለገች ብዙ ቆየች። ጫማው እግሯ ላይ ነበር። ከዚያ መጥታ ፊት ለፊቴ ተንበረከከች።

«ፈረምሁ» አለችኝ። «ወረቀቱን ያመጣችልኝ መምህርቷ ናት ብዬ።»

አንዷ ምራቋን ጢቅ አደረገች። ሌሎቹ ጀርባቸውን ሰጧት። ሳጥኑ ላይ ማንም አልነበረም።

ፖሊሷ በሩን ከፍታ «ቶሎ በይ» አለቻት። ስትነሳ የቀሚሷ ደረት በወተት ረጥቦ ነበር። ውጭ ግቢው ውስጥ ወንዶች ቆመው ይታያሉ። የአንገት ልብሴን ፈትቼ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግሁና ከፊት አጣምሬ አሰርሁላት።

«ደረትሽን ሸፍኚ» አልኋት። «ሂጂ፣ ልጁ ይጥባ።»

«መምህርት…» አለች። ፖሊሷ ክንዷን ይዛ ወሰደቻት።

እኔ በዚያ ፊርማ ሰበብ ወራት ታስሬ ቆየሁ። ስወጣ ላብራቶሪው ታሽጎ ከርሟል። ሸርጣኖቹን ወደ ወንዛቸው የመለሳቸው ሰው አልነበረም፤ ሳፋው ውስጥ ደርቀው አገኘኋቸው። ወደዚያ ጥናት አልተመለስሁም። ጃጁራ ሄጄ እናትየዋን ብጠይቅ ማረፋቸውን ነገሩኝ።

የኮፒ ቤቷን ልጅ በቅርቡ የገበያው በር ላይ አየኋት። ሸሽታኝ ልትሻገር ነበር፤ የያዘችው ልጅ ግን መንገዱ መሃል ቆሞ አልራመድም አለ። ደረስሁባቸው።

«ያ ልጅ ነው?» አልኋት።

«ነው።»

«አድጓል።»

«ተመስገን» አለች፤ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም።

እጇን ልይዛት ፈለግሁ። ቤቴ የሚጠብቀኝ ጡት ያልጣለ ልጅ ቢኖረኝ ኖሮ እኔም እፈርም ነበር፤ ይህን ልነግራት ስንት ጊዜ በልቤ ስዘጋጅ ኖሬያለሁ። እሷ ግን ባጃጅ አስቁማ ልጁን አስገባች፣ ተከትላውም ገባች። ልጁ በጎን በኩል አንገቱን አውጥቶ፣ ማን መሆኔን ሳያውቅ፣ እስኪርቅ ድረስ እጁን ያውለበልብልኝ ነበር።