ለአሜሪካዊቷ ተዋናይ የተዘቀዘቀ ነጠላ

እናቴ እንግሊዝኛ አንድ ቃል አታውቅም፤ አሜሪካዊቷን ተዋናይ ግን ከእኔ በላይ ታውቃት ነበር። ስሟን በትክክል ጠርታው አታውቅም። «ያቺ ልጅ» ነው የምትላት፤ ሴትዮዋ ሃምሳ ዓመት ካለፋት በኋላም «ያቺ ልጅ»።

ሸማ ተራ ነጠላና ጋቢ እንሸጥ ነበር። እሁድ እሁድ ከሰዓት፣ ሲኒማ ራስ አጠገብ ካለው ቪዲዮ ቤት ካሴት እከራይና ከእናቴ ጋር ቤት ቁጭ ብለን እናያለን። ካሴቱ ስንት ጊዜ እንደተገለበጠ እግዜር ይወቀው፤ የተዋናይዋ ፊት ሰማያዊ ሆኖ ይርገበገባል፣ ድምጿ ከውሃ ስር የሚመጣ ይመስላል። መጋረጃውን ስለምንዘጋው ውጭ ቀን ይሁን ሌሊት ይጠፋናል። አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። እንግሊዝኛዬ የሰባተኛ ክፍል ስለነበር ያልገባኝን ከራሴ እጨምርበታለሁ።

ታሪኳን የለቃቀምነው ከመጠቅለያ ወረቀት ነው። ለዕቃ መጠቅለያ በኪሎ ከሚሸጡ አሮጌ የውጭ መጽሔቶች መሃል ፎቶዋ ሲገኝ፣ እናቴ ገጹን ቀስ ብላ ታወጣና ፍራሽ ስር ታስተኛዋለች፤ እኔ መዝገበ ቃላት ይዤ እታገላለሁ። በልጅነቷ የሳሙና ማስታወቂያ ሠርታለች። ከዚያ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ላይ ስድስት ዓመት ነርስ ሆነች። ከዚያ ፊልም፤ ረጅም ቀሚስ፣ ረጅም ደረጃ፣ ደረጃውን ስትወርድ ሰው ሁሉ ዝም። ቀጥሎ ደግሞ የትኛውም ካሴት ላይ የማትገኝባቸው ዓመታት መጡ።

«የት ሄዳ ነው?» ትለኛለች እናቴ።

«ልጅ ልታሳድግ» አልኳት። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ «አላውቅም» ማለት አይሆንልኝም ነበር።

ስትመለስ ፀጉሯ ሸብቷል። ከእንግዲህ የምትሠራው የሌላ ሰው እናት ሆና ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቅ ብላ ትጠፋለች። እኔ አዘንኩላት፤ እናቴ ግን «ገና አሁን ሰው ሆነች» አለች። በአንዱ ፊልም ልጇ ጦር ሜዳ የሄደባት ሴት ናት። ድስት እያጠበች ኮቴ ስትሰማ እጇን እንኳ ሳትጠርግ ወደ በሩ ታያለች። እናቴ እዚያ ላይ ሁልጊዜ «እንደሱ ነው» ትል ነበር። ያንን ካሴት ደጋግሜ ከመከራየቴ የተነሳ የቪዲዮ ቤቱ ሰውዬ ገና ሲያየኝ ያወርደው ጀመር።

ታላቅ ወንድሜ በደርግ መጨረሻ ለውትድርና ተወስዶ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ጦሩ ተበተነ፤ የሰፈሩ ልጆች እግራቸው ተላልጦ አንድ በአንድ መጡ። እሱ አልመጣም። አንድ ማለዳ ሽማግሌዎች ለእናቴ መርዶ ሊነግሯት ደጃችን ሲቆሙ፣ «ሬሳውን ያየ አለ?» ብላ መለሰቻቸው። ከዚያ ወዲህ እንደ ሞተ ሰው አድርጎ ያወራበት ወዮለት። ቀስ በቀስ ስሙን የሚያነሳ ጠፋ። እኔም ሳላለቅስለት አደግሁ፤ በዚህ በእናቴ እናደድ ነበር።

ዓመታት አለፉ። አንድ ማክሰኞ የቪዲዮ ቤቱ ሰውዬ ጋቢ ሊገዛ ሱቃችን መጣና፣ «እትዬ፣ ያቺ ተዋናይዎ አረፈች አሉ፤ በሬዲዮ ሰማሁ» አላት።

እናቴ የምታጥፈውን ነጠላ አስቀመጠች። «ታማ ነበር?»

«ታማ ነበር አሉ።»

«ነፍስ ይማር» አለች። ነጠላውን አንስታ ማጠፏን ቀጠለች።

በነጋታው ሱቅ ስደርስ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ፣ እንደ ሀዘንተኛ ተቀምጣለች።

«እማዬ! ለፈረንጅ?»

«ስንት ዘመን ቤቴ የገባችን ሰው ዝም ብዬ ልሸኛት?» አለች። ሳቄ መጣ።

ሳቄ አልቆየም። በእኛ ተራ፣ ነጠላ ዘቅዝቆ ለተቀመጠ ሰው «ማን ሞተ?» ተብሎ አይጀመርም፤ መጀመሪያ አብሮት ይለቀሳል። ፊት ለፊታችን ጋቢ የሚሸጡት እትዬ አዩዋት፤ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑና ሱቃቸውን ቆለፉ። ቀጥሎ ያሉትም ቆለፉ። ተራው በሙሉ የወንድሜ መርዶ የመጣ መስሎት ነበር። እትዬ ደረታቸውን እየመቱ ስሙን ጠሩ። ያን ስም በአደባባይ ሲጠራ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው።

አሁን ትነግራቸዋለች፣ ታባርራቸዋለች፣ ለፈረንጅ ለቅሶ ተቀመጠች ተብለን የተራው መሳቂያ እንሆናለን ብዬ ጠበቅሁ። እናቴ አፏን ከፈተች፤ እያንዳንዳቸውን አየቻቸው። ከዚያ «ወይኔ ልጄ!» አለች። «ወይኔ ልጄ! ወይኔ ልጄ!» ድምጿን አላውቀውም ነበር።

ከሰዓት ሰው ቀለል ሲል ጠጋ ብዬ «ለምን አልነገርሻቸውም?» አልኳት።

«ምን ብዬ?»

«ተሳስታችኋል ብለሽ ነዋ።»

ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ልጄን ሊያለቅሱልኝ ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። አልሞተም ልበላቸው?» አለች። «አልሞተም ማለት ደከመኝ፣ ልጄ።»

እጄን ይዛ ከጎኗ አስቀመጠችኝ። ወንድሜን ያለቀስኩት ያን ቀን ነው።