የቬርና ድግምት ለማን ይገባል

ቬርና ኮዝሎውስኪ በአሜሪካዋ ሸቦይገን ከተማ የአንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ኃላፊ ከሆነች ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። አውቶቡሱ በበረዶ ምክንያት የዘገየበት ልጅ ምሳ አምልጦት አያውቅም። ማን እንደቀረ ማንም ሳይነግራት ታውቃለች፤ ድርሻውን ከድና ታስቀምጣለች። ለዚህ አስቦ ያመሰገናት ሰው የለም፣ እሷም ምስጋና ፍለጋ አልዞረችም። የምትኮራው በእሁዱ ጨዋታዋ ነው።

እሁድ ከሰዓት በኋላ በኦርቪል ምድር ቤት አራት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ከበው በቃል የሚነገር የጀብድ ጨዋታ ይጫወታሉ። ኦርቪል ጡረታ የወጣ የበረዶ መጥረጊያ መኪና ሹፌር ነው፤ ታሪኩን የሚመራው፣ ጭራቁንም ነፋሱንም የሚሆነው እሱ ነው። የቀሩት ሦስቱ እያንዳንዳቸው ሙያ ያለው አንድ ሰው ፈጥረው በዚያ ሰው ስም ይኖራሉ። ጆይስ ካህን ናት። ዴልበርት አስማተኛ ነው፣ መጽሐፍ እያገላበጠ የሚደግም፤ እኛ ብንሆን ደብተራ እንለው ነበር። ቬርና ደግሞ ሄልጋ የምትባል ተዋጊ ናት። ሄልጋ ጎራዴ እንጂ ድግምት አታውቅም።

በጨዋታው የደንብ መጽሐፍ ውስጥ የሌለ አዲስ ድግምት የፈጠረ ሰው ለየትኞቹ ሙያዎች እንደሚገባ ራሱ ይወስናል፣ ኦርቪልም በጥቁሩ ክላሰር ውስጥ ያኖረዋል። ሙያዎቹ መጀመሪያ የሚጻፉት በእርሳስ ነው። ድግምቱ በጨዋታ ላይ አንዴ ከሠራ በእስክሪብቶ ይጻፍበታል፣ ከዚያ ወዲያ ንጉሥም አይፍቀውም። ክላሰሩ ውስጥ አርባ አንድ ድግምት አለ። የቬርና አንድም የለበትም።

ከዓመታት በፊት አንድ ጊዜ ሞክራ ነበር። ለማን ይገባል ሲባል ግን፣ እጇ መስጠት የለመደ ነውና፣ በጨዋታው ላሉት አሥራ ሁለት ሙያዎች ሁሉ ምልክት አደረገች። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው ተረት እዚያ ጠረጴዛ ላይ አይሠራም፤ ሁሉም የሚችለውን ነገር ማን ችሎታ ይለዋል? ኦርቪል ወረቀቷን አጣጥፎ የጫማ ካርቶን ውስጥ ከተተው። ያ ካርቶን እስከ ዛሬ መደርደሪያው ላይ አለ፣ ባየችው ቁጥርም ያንገበግባታል።

በየካቲት አንድ እሁድ ሁለተኛውን ድግምቷን ይዛ መጣች። “የቀሪ ሰው ድርሻ” ይባላል። ደጋሚው ለጠፋ ጓደኛው ሳህን ሞልቶ ያስቀምጣል፤ የጠፋው ሰው ባለበት ሆኖ ይጠግባል፣ ሳህኑ ያለበትም አቅጣጫ ይገለጥለታል። ኦርቪል ሁለቴ አንብቦት ክላሰሩን ሳበ። ክላሰሩን ከሳበ ወዶታል ማለት ነው።

ክርክሩ ወዲያው ተነሳ። ጆይስ ማብላት የካህን ነው አለች፤ ይህን ማንም አልተቃወመም። ዴልበርት ቋሊማውን እየጎረሰ ለአስማተኛም ይገባል አለ። እሱ የማይገባው ድግምት የለም፤ ከአርባ አንዱ ሠላሳ ሦስቱን ጠቅልሎ ወስዷል። ኦርቪል ደግሞ አዝኖላት ነው መሰል፣ ተዋጊ ብትሆንም ለሄልጋ ብቻ በቀን አንዴ ልፍቀድላት ብሎ ሐሳብ አቀረበ።

የቬርና ፊት ቀላ። “አታድርገው፣ ኦርቪል። ሄልጋ እዚህ የደረሰችው በጎራዴዋ ነው። ምጽዋት አልፈልግም።”

“የገዛ ድግምትሽን አንቺው ሳትችዪው?” አለ ዴልበርት።

“ዕድሜ ልኬን የማበስለው ለሰው አይደለም እንዴ? ምን አዲስ ነገር አለው?”

“እሺ፣ ለአስማተኛስ? እኔ ምን በደልኩ?”

“አንተ መጽሐፍህን እንጂ ሰው አታይማ። ይሄ ማን እንደጎደለ የሚቆጥር ሰው ይፈልጋል። ባለፈው ጆይስን ዋሻ ውስጥ ረስተሃት አልወጣህም?”

ጆይስ ከት ብላ ሳቀች። ቬርና እርሳሷን አንስታ “ካህን” ብላ ጻፈች፣ ሌላ አልጨመረችም። ዴልበርት አኮረፈ።

ጨዋታው ተጀመረ። ሦስቱ ከግዙፋን ሲሸሹ አንድ የገመድ ድልድይ ጋ ደረሱ። ሄልጋ እናንተ እለፉ ብላ ብቻዋን ከጠላት ጋር ገጠመች፣ ጓደኞቿ መሻገራቸውን ስታይም ገመዱን በጎራዴዋ በጠሰችውና ማዶ ቀረች። ኦርቪል ዕጣዋን ለማየት ዳይሱን ወረወረ፤ ከግዙፋኑ ብታመልጥም በረዶው መንገዱን እንደሸፈነው፣ ስንቋም እንዳለቀ ነገራት። ቬርና እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። ሄልጋ መሞቷ ካልቀረ እንዲህ ትሙት ብላ ኮራች፣ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብራት የኖረች ናትና አሳዘነቻት።

የተሻገሩት ሁለቱ ዋሻ ገቡ። ጆይስ እሳት አነደደች፣ ቁስል አሰረች፣ ነገ በየት እንደሚሄዱ ማውራት ጀመረች። ዴልበርት ግን መጽሐፉን ዘጋ።

“ጆይስ፣ ስንት ሳህን አወጣሽ?”

“ሁለት።”

“ሦስት ነን። ሄልጋ ማዶ ናት እንጂ አልሞተችም።”

ጆይስ ደነገጠች፤ ድግምቱን ጨርሳ ረስታው ነበር። ቶሎ ብላ ሦስተኛውን ሳህን ሞልታ ደገመችበት። ዴልበርት ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ካለው ከራሱ ሳህን አንድ ቋሊማ አነሳ፣ በወረቀት ሳህን ላይ አድርጎ በሶፍት ከደነና ወደ ቬርና ገፋው።

“ሄልጋ ጠገበች፣ መንገዱንም አወቀችው” አለ ኦርቪል።

ቬርና ክዳኑን አንስታ አየች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ድርሻ ስታስቀምጥ ለሷ ያስቀመጠላት ሰው አልነበረም። እንባዋ መጣ፣ እሷም አልደበቀችውም። ኦርቪል እስክሪብቶውን ከፍቶ ሊጽፍ ሲል እጁን ያዘችው።

“ቆይ። ገና በእርሳስ ነው።”

“ካህን” ከሚለው ቀጥላ “አስማተኛ” ብላ ጻፈች።

“ቋሊማህን በልቼ እንዳይመስልህ” አለችው ዴልበርትን። “ሰው ቆጥረህ ነው።”

ኦርቪል በሁለቱም ላይ በእስክሪብቶ ጻፈ። አርባ ሁለተኛ ብሎ ቁጥር ሰጠው፣ ከሥሩም “ቬርና” ብሎ ሊዘጋው ሲል አላስዘጋችውም።

“ኮዝሎውስኪ የሚለውንም ጻፈው” አለች፣ “በደንብ እንዲነበብ።”