ሁለተኛ አውራ ዶሮ አልስልም

ገላን ኮንዶሚኒየም ልጄ ቤት ከገባሁ ወዲህ ወጣቶቹ አያስቀምጡኝም። ደረጃው ሥር ፀሐይ ስሞቅ ያገኙኝና "አባባ፣ እርስዎ በደርግ ጊዜ የግል ሥራ ይሠሩ ነበር አሉ። እንዴት ጀመሩት?" ይሉኛል። አንዷ ቦርሳ ትሰፋለች። አንዱ ከቁርጥራጭ እንጨት የመብራት ማስቀመጫ ይሠራል። ሥልጠና ገብተው የተማሩትን ይነግሩኛል፤ ግማሹ አይገባኝም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ እሱንም የቀበሌ ሰው እየጎተተኝ። ስለ ሥራ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱን በአፌ ስነግራቸው ደግሞ መሀል ላይ ስልክ ይደወልላቸዋል። ስለዚህ ልጻፈው አልኩ።

ያኔ የምንኖረው አቃቂ በሰቃ ነው። መንግሥት የወረሰው አንድ የብረት ሥራ ቤት ውስጥ በርና መስኮት እቀባ ነበር። አዲስ የተሾመው ኃላፊ ስብሰባ ይወዳል፤ እኔ ደግሞ ቁጭ ማለት አልችልም። አንድ ቀን በስብሰባው መሀል ተነሳሁና "ቀለሙ እየደረቀ ነው" ብዬ ወጣሁ። በማግስቱ ከሥራ ተሰናበትኩ። ባለቤቴ ሁለተኛ ልጃችንን አርግዛለች።

"ሂድና ይቅርታ ጠይቅ" አለችኝ።

"ቀለሙ እኮ እየደረቀ ነበር።"

"ደረቅስ አንተ ነህ" አለችና ጀሪካኑን አስያዘችኝ። "በል ሥራ ከሌለህ ሰልፍ ሂድ።"

የሰልፉን ነገር ላላየ ሰው መንገር አለብኝ። ላምባ የሚገኘው ከቀበሌው ሱቅ ብቻ ነበር። የሚመጣበት ቀን አይታወቅም። መጣ ከተባለ በርሜሉ ከማለቁ በፊት መድረስ ነው፤ ያልደረሰ ምድጃው ሳይለኮስ ይውላል። ስለዚህ ሰው ላምባ ኖረም አልኖረም ማለዳ ማለዳ ጀሪካኑን ሱቁ በር ላይ አሰልፎ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ጀሪካኑ በሰውየው ፋንታ ተራ ይጠብቃል። ችግሩ፣ ጀሪካኑ ሁሉ አንድ መልክ ነው። ሁሉም ቢጫ፣ ሁሉም እኩል። ሱቁ ሲከፈት ባለቤቶቹ ይመጡና ጠቡ ይጀመራል።

"ይሄ የኔ ነው።"

"በምን አወቅሽው?"

"ጆሮው ላይ ጨርቅ አስሬበታለሁ።"

"ጨርቁ የታለ ታዲያ?"

"ፈታሽዋ።"

እኔ እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። ሌላው ግድግዳ ተደግፎ ሲያንጎላጅ እኔ ከሰልፉ ጫፍ እስከ ጫፍ እመላለሳለሁ። ሰልፉን የሚጠብቀው የቀበሌው አብዮት ጠባቂ እንኳ "ምን ጠፍቶህ ነው?" ብሎኛል። እንዲያ ስመላለስ ነው ነገሩ የታየኝ። ሁሉም የሚያማርረው ላምባ ስላነሰ ነው። ላምባውን ማብዛት አልችልም። ጠቡን ግን ማስቀረት እችላለሁ፤ ብሩሽ መያዝ አውቃለሁና። ልጆቼ፣ ሥራ ስትፈልጉ ሰው የሚያማርርበትን ሁሉ ተሸክማችሁ አትዙሩ። ከሚያማርርበት ውስጥ እጃችሁ የሚደርስበትን ለዩ። ይሄን ማንም አላስተማረኝም፤ ስንቆራጠጥ ያገኘሁት ነው።

የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ጎረቤታችን ነበረች፣ ከወሎ የመጣች ሙስሊም፣ የከባድ መኪና ሹፌር ሚስት። ባሏ አሰብ መንገድ ላይ ነው ኑሮው፤ ልጆቹን የምታሳድገው እሷ ነች። ባሏ የመኪናውን ሳንቃ ቀብቶ የተረፈው ቀይ ቀለም ቤታቸው ነበር። ጀሪካኗን ቀይረውባት በንዴት እያለቀሰች ስትመለስ አገኘኋት።

"ቀለሙን ካመጣሽልኝ ማንም የማይወስድብሽ ምልክት አደርግበታለሁ" አልኳት። "ምን ልሳልልሽ?"

አሰብ አደረገች። "አውራ ዶሮ። ከኔ ቀድሞ የሚነሳ እሱ ብቻ ነው።"

ሳልኩላት። አንድ እግሩን ያነሳ፣ ጭራው የተበተነ። ዓይኗን ጠርጋ ዙሪያውን አገላብጣ አየችውና "ነገ ይሄንኑ ለሌላ ትስላለህ?" አለችኝ።

"አልስልም። ይሄ ያንቺ ነው።"

እንዲሁ ከአፌ የወጣ ቃል ነው፤ አስቤ አልተናገርኩትም። ግን የሥራዬ መሠረት እሱ ሆነ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ "ይሄ ያንተ ብቻ ነው፣ ለሌላ አልስለውም" እለው ጀመር። ሰው የሚከፍለኝ ለቀለሙ አልነበረም። ቀለምማ ማንም ይለቀልቃል።

ቦታ የሰጠኝ አንድ የስልጤ ባለሱቅ ነው። መደርደሪያው ያኔ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል፤ ክብሪትና ጨው፣ ሲገኝ ሳሙና። "ቢያንስ ሰው በሬ ላይ ይታይልኝ" ብሎ ከሱቁ ቆርቆሮ ሥር አስጠጋኝ። ለአንዱ ጃንጥላ፣ ለአንዱ ቁልፍ፣ ለአንዷ ዓሣ፣ ለአንዷ ማንኪያ ሳልኩ። የማን ምን እንደሆነ በጭንቅላቴ ነው የምይዘው። አብዮት ጠባቂው አንድ ቀን ዓሣውን አንስቶ "ይሄ የየትኛው ድርጅት ምልክት ነው?" አለኝ። "የአንዲት እናት ድርጅት ነው፤ ልጆቿን ብትቆጥር ድርጅት ያክላሉ" አልኩት። ሳቁን ዋጠና ሄደ። ቀስ በቀስ ሰልፉ ውስጥ ሥዕል የሌለበት ጀሪካን ጠፋ። ጠቡም ጠፋ።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። የሹፌሩ ሚስት ጀሪካን ሳይሞላ የተመለሰበት ቀን የለም። ሰው ይሄን አየና አውራ ዶሮው ገድ አለው ብሎ አወራ። ሴቶቹ ተራ በተራ ይመጡ ጀመር።

"የኔን ቁልፍ አጥፋውና ዶሮ አድርግልኝ።"

"ዶሮው ሰው ይዞታል።"

"እጥፍ እከፍልሃለሁ።"

"ዳክዬ ልሳልልሽ?"

"ዳክዬ ምን ገድ አለው?"

ባለሱቁ በሳቅ ይሞታል። "ሊከፍል የመጣ ሰው የሚያባርር ነጋዴ አንተን አየሁ። እኔ እንኳን ዶሮ፣ እንቁላሉን ጨምሬ እሸጥላቸው ነበር።"

"ሁሉም ዶሮ ከያዘ ማን ምን ያዘ?" አልኩት።

ለሹፌሩ ሚስት ስነግራት ተናደደች። "ገድ ይላሉ? ወላሂ፣ እነሱ ዓይናቸውን ሲያሹ እኔ ሱብሒ ሰግጄ፣ ጀሪካኔን አሰልፌ፣ ቤቴን ጠርጌ ጨርሻለሁ።"

እንዲህ እያልን የቀበሌው ሊቀመንበር ሚስት መጣች። እሷ ዱሮ ሰልፍ አታውቅም፤ ላምባዋ በጓሮ በር ነበር የሚገባው። ሕዝቡ ማጉረምረም ሲጀምር ባሏ እንደ ሰው ተሰለፊ አላት መሰለኝ። መሰለፍ ግን ማለዳ መነሳት አለው። ከፊት ያለውን ዶሮ አይታ፣ የሷም ላይ ያው ዶሮ ቢኖር የፊተኛውን "የኔ ነው" ብላ ማንሳት እንደምትችል ገባት። እኔም ገባኝ።

"አንተ ሰውዬ፣ ያን አውራ ዶሮ ለኔም ሳልልኝ።"

"እትዬ፣ እሱ ሰው ይዞታል። አንበሳ ልሳልልዎት፤ ለማንም አልሰጠሁትም።"

"አንበሳ? የንጉሡን አንበሳ በኔ ጀሪካን ላይ? ልታስበላኝ ነው?"

እሱን እንኳ አላሰብኩትም ነበር። "ፈረስስ?"

"ዶሮ ነው ያልኩህ።"

"አልስልም።"

"እዚህ በማን ፈቃድ እንደምትሠራ ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ። ዶሮውን ግን አልስልም።"

ጀሪካኗን እግሬ ሥር ትታው ሄደች። ባለሱቁ ከመደርደሪያው ኋላ "ወንድሜ፣ ሳልላት" አለኝ። አሁን አልሳቀም። "እግሩን አውርደህ ሳልላት። ከሩቅ ማን እግር ያያል?"

ከዚያ ወዲያ ያሉትን ቀናት ዕረፍት አላየሁባቸውም። ጉዳይ ሳይኖረኝ ቃሊቲ ድረስ በእግሬ ሄጄ እመለሳለሁ። ጀሪካኗን ቤት አምጥቼ ከፊቴ አስቀምጬ ብሩሹን አነሳለሁ፣ ቀለሙን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ቦታዬን ካጣሁ የምንበላው የለም፤ ባለቤቴ የመውለጃዋ ወር ገብቷል። ከሳልኩት ደግሞ የሹፌሩ ሚስት ማለዳ የያዘችው ተራ የሊቀመንበሩ ሚስት ይሆናል። ቃሌም አብሮ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ "ይሄ ያንተ ብቻ ነው" ብለው ማን ይሰማኛል?

"አንዲት ዶሮ እኮ ናት" አለችኝ ባለቤቴ።

"አንዲት አይደለችም። ሁለተኛ ናት።"

"እንግዲያው ጀሪካኗን መልስላት፤ እዚህ ቤት ተቀምጣ አታፍጥብኝ" አለች። ወስጄ የሊቀመንበሩ ሚስት በር ላይ አስቀመጥኩት፣ ምንም ሳልስልበት።

ብዙም አልቆየ፣ አብዮት ጠባቂው መጣ። ፊቴን ላለማየት ጫማውን ያያል። "ከዛሬ ጀምሮ እዚህ መሥራት አይቻልም። የቀለም ቀቢዎች ማኅበር ገብተህ ሥራ ተብሏል።"

ማኅበሩ ግድግዳ ላይ መፈክር የሚጽፈው ነው። ልየው ብዬ ሄድኩ፤ ሐቁን ልናገር፣ ልገባም አስቤ ነበር። በሩን ሳልፍ ጠረጴዛ ላይ አንድ ቢጫ ጀሪካን ቀለሙ እየደረቀ አየሁ። ቀይ አውራ ዶሮ። የኔ አንድ እግሩን አንስቷል፣ ይሄኛው ሁለቱንም ተክሏል። የሳለው ልጅ "የሊቀመንበሩ ቤት ነው፤ አምሯል?" አለኝ። "አምሯል" አልኩትና ወጣሁ። እሱ ምን ያውቃል? የታዘዘውን ነው የሳለው።

ላምባ በመጣ ቀን እኔም ሄድኩ። የሹፌሩ ሚስት ጀሪካን ከፊት ነው። የሊቀመንበሩ ሚስት ዘግይታ መጣች፤ ቀጥ ብላ ከፊት ያለውን አነሳች። "ይሄ የኔ ነው።"

የሹፌሩ ሚስት "እትዬ፣ የርስዎ ከኋላ ያለው ነው። እግሩን ይመልከቱት" አለቻት።

"የምን እግር?"

ከሰልፉ ውስጥ አንዳንዱ አጉረመረመ፤ ጮክ ያለ ግን የለም። እኔ "ይሄን የሳልኩት እኔ ነኝ፣ የሷ ነው" አልኩ። አብዮት ጠባቂው "አንተ ሥራህ ተዘግቷል፤ ዞር በል" አለኝ። ላምባው ለሊቀመንበሩ ሚስት ተቀዳ። ተራው ከኋላ ያለው ዶሮ ዘንድ ሳይደርስ በርሜሉ አለቀ።

ከሰዓት በኋላ የሹፌሩ ሚስት ጀሪካኗን ይዛ እኛ ቤት መጣች። የሊቀመንበሩ ሚስት ቤት ድረስ ሄዳ፣ ሁለቱን ጀሪካን ጎን ለጎን አሳይታ የራሷን አስመልሳለች፤ ላምባው ግን ተገልብጦ ጀሪካኑ ባዶ ነበር። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

"ሌላ ልሳልልሽ" አልኳት። "ግመል፣ ጨረቃ፣ የፈለግሽውን።"

"ነገ ጨረቃውንም ያስሉታል። አጥፋው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ምንም። እስቲ ሰልፉን አስበው። ሥዕል የሌለበት ጀሪካን ማን አለው?"

አሰብኩ። ከጃንጥላው ጀምሬ እስከ ማንኪያው በልቤ ሄድኩበት። ማንም የለውም። ሁሉንም ሥዬባቸዋለሁ። የሊቀመንበሩ ሚስት እንኳ ስንት ያስወራችበትን ዶሮ አጥፍታ ልሙጥ ልትይዝ አትችልም። ተቀምጬ ሳቅኩ። እኔ ሥዕል ስሸጥ ከርሜ፣ ምርጡን ምልክት ያገኘችው እሷ ነች። ልጆቼ፣ ደንበኛ አንዳንዴ ሥራችሁን ከናንተ በላይ ያውቀዋል። ያን ጊዜ አፋችሁን ዝጉና የሚላችሁን አድርጉ፤ ሥራችሁን አጥፉ ቢላችሁም።

ቤንዚን በጨርቅ ነክሬ አውራ ዶሮውን ራሴ ፈተግኩት። ጭራው አልለቅም ብሎ አስቸገረኝ።

በሚቀጥለው ጊዜ ላምባ ሲመጣ የሊቀመንበሩ ሚስት ከፊት ዶሮ ፈለገች። የለም። የሷ ዶሮ ከኋላ ብቻውን ቆሟል። ከፊት ያለው ልሙጥ ነው። አብዮት ጠባቂው ብድግ አድርጎ "ይሄስ የማን ነው?" አለ።

"የሷ ነው" አለ ሰልፉ የሹፌሩን ሚስት እያሳየ፣ በአንድ አፍ ማለት ይቻላል። ሁሉም የየራሱን ሥዕል ያውቃላ፤ ልሙጡ የሷ ብቻ መሆኑን ለመናገር ማንንም መፍራት አላስፈለገውም። ተቀዳላት። ስታልፈኝ ቆም አላለችም፤ "አብሽር" ብላኝ ብቻ ሄደች፣ ልጆቿ ይጠብቋታል።

እኔ ግን ቦታ የለኝም። ቀለሜን ከረጢት ውስጥ ከትቼ ቤት ለቤት መዞር ያዝኩ፤ ለእግሬ ተስማማው፣ ለሆዴ ግን ገና አልታወቀም። ባለቤቴ ወለደች። ኑሮው ከበደን። አንድ ቀን ቃሊቲ በኩል የአንድ እድር ዳኛ አስጠሩኝ። ግቢያቸው ውስጥ የእድሩ ድስትና አግዳሚ ወንበር ተከምሯል። ከሌላ እድር ዕቃ ጋር እየተቀላቀለ ለቅሶ ቤት ድረስ ይጣሉበታል አሉኝ። ሽማግሌው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ለሊቀመንበሩ ሚስት እምቢ ያልከው አንተ ነህ?"

ልሸሽ ይሆን ብዬ በሩን አየሁ። "ነኝ" አልኩ።

ወደ ቤቱ ዞረው "ድስቶቹን አውጡለት" አሉ።