ያልተቧጨረው መስታወት

የክሊኒኩን ዓይን መርማሪ ሠፈሩ «ሀሁ» ይለዋል፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ወንበር ላይ እያስቀመጠ የግድግዳ ፊደል ሲያስቆጥር ስለኖረ። ለዚህ ያበቃችው ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ከሞተች በኋላ ደብተሩንም ጫማውንም የገዛችለት ልብስ እየሰፋች ነው።

እህቱ የዓይን ሞራዋ ከተገፈፈ ወዲህ ያለዚያ የጠርሙስ ቂጥ የሚያክል መነጽሯ መርፌ አታይም። መነጽሩም ከስፌት መኪናው ላይ ወድቆ እንክትክቱ ወጣ። መነጽር ሠሪዎቹ ቁጥሩን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንዲህ ያለ መስታወት ማስመጣት ካቆሙ ቆይተዋል። የትምህርት ቤቱ የደንብ ልብስ ደግሞ ተቆርጦ ጥግ ላይ ተከምሯል፤ በወሩ መጨረሻ ካላደረሰች ሥራው ለሌላ ይሰጣል።

ሀሁ ባሕር ማዶ ላለችው የአክስቱ ልጅ ጻፈ። እሷ በስደት ያሉትን የአገሯን ልጆች አሰባስቦ ለክሊኒኩ ያገለገለ መነጽር የሚልክ ማኅበር ሊቀ መንበር ናት። ብዙም ሳትቆይ ደወለች። በቅርቡ ያረፉ አንዲት አሮጊት መነጽር ተገኝቷል፤ ቁጥሩም ልክክ ያለ ነው። እህቱ ይህን ስትሰማ የስፌት መኪናዋን በዳበሳ ዘይት ቀባች።

ካርቶኑ መጣ። ሁለት መቶ አሥራ ስድስት መነጽር፣ ሁሉም የሚያብረቀርቅ። ሀሁ የእህቱ ስም ያለበትን የመነጽር ቁጥር መለኪያው ላይ አስቀመጠ። ምንም ቁጥር የለውም፤ የመስኮት መስታወት ነው። ሁለተኛውም፣ ሃምሳኛውም እንደዚያው።

ሲደውል የአክስቱ ልጅ በወሬ ቀደመችው። አባላቱ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ቁጭ ብለው እንደሠሩ፣ ያልመጣ ሰው እንዳልነበረ አወራችው።

«የተቧጨረውን መስታወት እያወጣን አዲስ አስገባንበት። የሞተ ሰው ጭረት ለናንተ እንልካለን እንዴ፣ ወንድምዓለም?»

«ቁጥሩስ?»

«ቁጥሩማ በወረቀት ተጽፎ የመነጽሩ ክንድ ላይ እንደታሰረ ነው፣ አልነካነውም።»

«አሮጌው መስታወት የት ሄደ?»

«ጣልነው። ደግሞ እሱን ምን ልታደርገው ነው?» ብላ ሳቀች። ከኋላዋ አንዲት ሴት ዕቃው ደርሶላቸው እንደሆነ ስትጠይቅ ተሰማው። የአክስቱ ልጅም፣ እህቱ መነጽሩን አድርጋ የምትነሣውን ፎቶ ሰዉ እየጠበቀ መሆኑን ነገረችው።

ሀሁ አፉን ከፈተ። ከዚያ «እግዜር ይስጥልን» አለ።

ማታ ቤት ገብቶ መነጽሩን ለእህቱ አደረገላት። ግራ ቀኝ ዞር ዞር አለች፤ የተከመረውን ጨርቅ በእጇ ነካችው።

«አማረብኝ?»

«በጣም፣ እታለም።»

«እንግዲያ አንሣኝ።»

የደንብ ልብሱን በማግሥቱ፣ በወሩ የመጨረሻ ሐሙስ፣ ሌላ ልብስ ሰፊ ጭኖ ወሰደው። አሁን የምትሠራው ቁልፍ መትከል ብቻ ነው፤ እሱን ጣቶቿ ያውቁታል። ሀሁ ጠዋት ጠዋት ወደ ክሊኒኩ ከመሄዱ በፊት አሥር መርፌ ላይ ክር አስገብቶ ትራስ ላይ ይሰካላታል። ከምሳ በፊት ያልቃሉ።