ክብሪት የተጫረብኝ እሑድ

ፊደል የቆጠርኩት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ጽሕፈቴ ደካማ ነው። ነገሩን ግን አልረሳሁትም።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ አትላንታ አንድ መጋዘን ዕቃ እጭን ነበር። አንድ ጠዋት የከባድ መኪናው በር ብረት ተፈናጥሮ ግራ ጉንጬን መታኝ። አጥንቱ ተሰበረ። ሐኪሞች በሽቦ አሰሩት፣ ቁስሉም ደረቀ። ጉንጬ ግን ደንዝዞ የሌላ ሰው ጉንጭ መሰለኝ። ደንዝዞ ቢቀር እኮ ደግ ነበር። ምላጭ ሲነካው፣ ነፋስ ሲያገኘው፣ ከዓይኔ ሥር እስከ ላይኛው ከንፈሬ መብረቅ ይወርዳል።

የሚከታተለኝ ሐኪም ወጣት ነው። በጥጥ ጫፍ ይነካካኛል፣ ደግሞ ጥርስህን አሳይ፣ ቅንድብህን አንሣ ይለኛል። የምታስተረጉምልኝ እዚያው ሆስፒታል የምትሠራ ያገራችን ልጅ ናት።

"ይሄ ሰውዬ ይቀልድብኛል እንዴ?" አልኳት።

"ጋሼ፣ ነርቭዎን እያየ ነው።"

በጥርስ ነርቭ ይታያል? ነርቩ ተጎድቷል፣ ይሄ ያስታግሰዋል ብሎ ኪኒን አዘዘልኝ።

ቤት ሦስት ሆነን ነበር የምንኖረው። አንደኛው አገር ቤት ድሬሰር ነበር፣ መርፌ ሲወጋ የኖረ። ጠርሙሱን አገላብጦ አየና ሳቀ።

"ይሄማ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው! መቼ ጀመረህ አንተ?"

ለካ ያ ሐኪም በሚጥል በሽታ መዝግቦኛል። መጋዘኑ ቢሰማ የሚወድቅ ሰው ዕቃ ያስጭናል? ቤተ ክርስቲያን ቢሰማ ማን ከእኔ ጋር ይበላል? ኪኒኑን ሽንት ቤት ደፋሁት። ለማንም አልተናገርኩም።

ሐኪሙ በየቀጠሮው "እንዴት ነህ?" ሲለኝ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ" እላለሁ። በሰላምታ ላይ ሕመም ይዘረገፋል? እሱም ደስ ብሎት ይጽፋል። ምን እንደሚጽፍ ግን እንጃ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ወጥተን ደጅ ቆመን ሳለ ነፋስ መጣ። መብረቁ ወረደ። ጉንጬን ይዤ ተንበረከክሁ።

"ጣለው! ክብሪት አምጡ!" አለ ድሬሰሩ። ራሱ ጭሮ አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። ሌላው የቤታችን ልጅ እግሬን ጥብቅ አድርጎ ያዘ።

"ልቀቁኝ! አልጣለኝም!"

"ተዉት፣ ሲነቃ አያስታውሰውም" ይባባላሉ እላዬ ላይ።

አብራን ያስቀደሰችው አስተርጓሚዬ ሰው ገፍታ ደረሰች። "ጋሼ፣ ኪኒኑን አይወስዱም?"

"ደፋሁት።"

"ታዲያ ለሐኪሙ ደህና ነኝ ሲሉት?"

"ምን ልበለው?"

"እኔም ደህና ነው ብዬ እተረጉማለሁ!" ብላ ራሷን ያዘች።

ሰኞ ይዛኝ ሄደች። ሁሉንም ተናገርኩ፣ አፍሬም ቢሆን። ሐኪሙ አልተቆጣም። መድኃኒቱ ለሚጥል በሽታም ለነርቭ ሕመምም ይሆናል፣ የተቆጣ ነርቭ ያበርዳል አለ። እኔ ግን "መዝገቡን አንብቢልኝ" አልኳት። "የጉንጭ አጥንት ስብራት፣ የነርቭ ሕመም" ይላል አለችኝ። የሚጥል የሚል የለም። ሦስት ጊዜ አስነበብኳት።

ከዚያ ወዲያ እንደገና ያዘዘልኝን ኪኒን የምውጠው ድሬሰሩ ፊት ቆሜ ነው። "ክብሪትህን ለምድጃህ አስቀምጥ" እለዋለሁ።

ከሳምንታት በኋላ ጢሜን ስላጭ ግራ ጉንጬ ላይ ደም አየሁ። ምላጩ ሲቆርጠኝ አልተሰማኝም፣ መብረቁም አልመጣም። መስተዋቱን አላመንኩትም። በጣቴ ነካሁት፣ ጠበቅሁ፣ እንደገና ነካሁት። ከዚያ ሌላውን ጎን መላጨት ጀመርኩ።