እሳት ላይ የተጣደው ሹራብ

በጋዜጠኝነት ዘመኔ ብዙ መርዶ ከባለቤቶቹ ቀድሜ ሰምቻለሁ። ሳልጠይቅ ያመንሁት ግን የገዛ ግቢያችንን ነው።

ከቡሬ የሥራ ጉዞ ወደ ፍኖተ ሰላም ስመለስ እህቴ ጓሮ ትልቅ ድስት ጥዳ በዱላ ታማስላለች። ዱላውን ብድግ ስታደርገው ከጫፉ ለታናሽ ወንድማችን የሠራችለት ነጭ ሹራብ ተንጠለጠለ። ጠቁሯል። ወንድማችን የድንበሩ ጦርነት ግንባር ላይ ነበር፤ ወሬው ከጠፋ ከርሟል። በእኛ አገር ጥቁር ቀለም እሳት ላይ የሚጣደው ሰው ሲሞት ነው፤ ነጩ ልብስ ከል ይነከርና ሐዘንተኛ ይለብሰዋል።

“ማን ነገረሽ?” ብሎ መጠየቅ ሥራዬ ነበር። አልጠየቅሁም። መሬት ላይ ተቀመጥሁ።

“ጋሼ፣ ምን ሆንህ? አመመህ እንዴ?”

ሳልመልስላት ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ ድስቱን አይታ እሪ አለች። ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ግቢያችን ሞላ። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰችው እናታችን በሕዝቡ መካከል ገባች።

“ልጄን ደበቃችሁኝ!”

“እምዬ፣ ይስሙኝ! አልሞተም!” አለች እህቴ፣ ጥቁር ውሃ የሚያንጠባጥበውን ሹራብ እንደያዘች እየተከተለቻት። ይህ ደግሞ ነገሩን አባሰው።

እህቴ የሚሰማት እስክታገኝ ድረስ ድምፅዋ ተዘጋ። ለካ በፈቃድ የመጣ የሰፈራችን ወታደር ሹራቡን ላድርስለት ብሏት፣ ነጭ መሆኑን ሲያይ፣ “ይሄማ ከሩቅ ያስመታዋል” ብሎ መልሶላታል። ወታደሩ በማግስቱ ወደ ግንባር ይመለሳል። ፈትታ አዲስ ለመሥራት ጊዜ ስላልነበራት ያለቀውን ሹራብ እዚህም እዚያም በቃጫ ቋጥራ ነከረችው። ቋጠሮዎቹን ስትፈታ በጥቁሩ ላይ ደብዛዛ ቀለበቶች ወጡ። እንዲያ ያለ ሹራብ አይቼ አላውቅም።

“ከል እንዳይመስል ብዬ ነው የቋጠርሁት” አለች።

“ከል ከል ነው” አለች እናቴ። “በሕይወት ላለ ልጄ ይሄን አልልክም።”

ጎረቤታችን አፍራ ቆማ ነበር። “እኔ ነኝ ያሟረትሁበት፤ እኔው ልጥለፈው” ብላ ቀይና ቢጫ ክር አመጣች።

“አንቺ ደግሞ! ይሄስ ከሩቅ አይታይም?” አለች እናቴ።

“በውስጥ በኩል ነዋ እትዬ! እሱና ገላው ብቻ ይዩት።”

እናቴ ክሮቹን ተቀብላ እያየች፣ “አረንጓዴም ጨምሪበት” አለች።

ሹራቡ ሄደ። ስለ ወንድማችን ግን ጦርነቱ እስኪያበቃ ምንም አልሰማንም።

አንድ ጠዋት የግቢው በር ተከፈተ። የገባው ሰው ከስቷል፤ ጢሙ ፊቱን ሸፍኖታል። ሹራቡን ግን ገልብጦ ለብሶታል፤ ቀዩ፣ ቢጫውና አረንጓዴው ደረቱ ላይ ነው። እናቴ ሮጣ ደረሰችበት። በአጥሩ ላይ ያየችው ጎረቤታችን እልል እላለሁ ብላ የወጣት እሪታ ነው።

ሰፈሩ እንደገና ነጠላውን አዘቅዝቆ ሮጠ። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። እናቴ የልጇን ፊት ገና አልነካችም፤ በጣቷ ጥልፉን እየተከተለች ነበር።