በቀን የተከፈተ በር

እኛ ቆቦ በቀን በር አይዘጋም። በፀሐይ የተዘጋ በር ያየ ጎረቤት «ምን ሆነው ይሆን?» ብሎ ይመጣል። እኔም ልማዴ ይዞኝ ያንን የሐይቅ ዳር ሆቴል እንደ ቤታችን ቆጠርኩት፤ የክፍሉን በር ገርበብ አድርጌ ተውኩት።

ዓረብ አገር ሰው ቤት እሠራ ነበር። እመቤቴ ሙቀቱን ሸሽታ አውሮፓ ስትሄድ ልጇን እንድይዝላት አስከተለችኝ። ሆቴሉ የጥንት ነው፤ ነገሥታት አርፈውበታል ይባላል። ምንጣፉ እግር ይውጣል፣ ኮቴ አይሰማም።

ከቀትር በኋላ እመቤቴ ተኝታለች። የልጁን ልብስ አለቅልቄ ስመለስ ልጁ የለም። ገና ሦስት ዓመቱ ነው። አልጋ ሥር አየሁ፣ መጋረጃውን ገለጥኩ። በመስኮቱ ሐይቁ ታየኝ፤ መንገዱን መሻገር ብቻ ነው የሚቀረው።

«ያ ረቢ፣ ውሃው!» ብዬ ወጣሁ።

ኮሪደሩ ላይ አንዲት ኤርትራዊት የፅዳት ሠራተኛ ጋሪ ትገፋለች።

«ትንሽ ልጅ አላየሽም?»

«በሩን ከፍተሽ ነው? አንቺ፣ የእናትሽ ግቢ መሰለሽ?» አለች በትግርኛ። ትግርኛ የሚነገርበት ዋጃ ገበያ እየተመላለስኩ ስላደግሁ ገባኝ። ጋሪዋን ትታ ወደ ላይኛው ፎቅ ሮጠች። «አንቺ ወደ ታች! ጩኺ እንጂ፣ አፍ የለሽም?»

አፍስ አለኝ። ግን ሰው በተሰበሰበበት ተናግሬ አላውቅም፤ ሰርግ ቤት እንኳ እልል የምለው ከሴቶች ጀርባ ተደብቄ ነው። ታች አዳራሹ ውስጥ እንግዶች በሹክሹክታ እያወሩ ሻይ ይጠጣሉ። የመንገዱ በር እየዞረ ሰው ያስወጣል።

«ማሙሽ! ማሙሽዬ!»

ቆላ ላይ ግመል እንደጠፋበት ሰው ጮህኩ። ሁሉም ዞረ። ከአንዱ ጠረጴዛ ሥር፣ መሬት ከደረሰው ጨርቅ መሃል፣ ብስኩት የያዘች ትንሽ እጅ ወጣች።

አቅፌው ቀና ስል እመቤቴ ፀጉሯን እንኳ ሳትሸፍን ደረጃው ላይ ቆማለች።

«በሩን ማን ከፈተው?»

«እኔ ነኝ።»

ልጁን ተቀበለችኝ። ሊፍት ውስጥ ጥፊዋን ጠበቅሁ፤ ልጁ ብስኩቱን ይቆረጥማል። ፎቃችን ስንደርስ ኮሪደሩ ምንጣፍ ላይ ዘፍ አለች፤ ልጁን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ «አልሐምዱሊላህ» እያለች አለቀሰች። ቆየት ብላ አጠገቧ ያለውን ምንጣፍ በእጇ መታ መታ አደረገች።

«ተቀመጪ።»

ከእሷ እኩል ተቀምጬ አላውቅም። ግድግዳውን ተደግፌ፣ ትንሽ ራቅ ብዬ፣ ቁጢጥ አልኩ።